ያልሄድኩበትን ስም አልጽፍም

መስከረም 21 ቀን

ለአሳዳጊዬ ለጋሼ፣

ይህ ወረቀት ጉልበትህ ሳይከዳህ፣ እጅህ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀለምህም ሳይደርቅ ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ቢሮው ግን ይሞቃል።

ያለፈው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት እንደ ወትሮው የሻይ ቤቷ እትዬ ነው፤ የምኖርበትን ከተማ ስም እንደ ልማዷ አንድ ፊደል ገድፋዋለች። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ሰው አየውና፣ "አጎትሽ ታፔላ ጸሐፊ ነው ብለሽ አልነበር? ፖስታውን ለምን ራሱ አይጽፈውም?" ብሎ ጠየቀኝ። "ሄዶ ያላየውን ቦታ ስም በእጁ አይጽፍም" ብለው አላመነኝም። "ታዲያ ጨረቃ የሚባል ሆቴል ታፔላ ቢያዘው ምን ሊያደርግ ነው?" አለኝ። ስትስቅ ታየኝ። ከዚያ ደግሞ አንተ እንደማትስቅ ትዝ አለኝ።

ጥቂት ብሩሾች ልኬልሃለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። ሰሞኑን አደባባዩ በሕልሜ ይመጣብኛል። ጻፍልኝ። ጠዋት ሰው የሚቀመጠው በየትኛው በኩል ነው? ከሰዓት በኋላስ? ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ወዴት ይዞራል? የእትዬ ሻይ ቤት ሁልጊዜ ሞልቶ ከቧንቧው ወዲያ ያለው ቤት ለምን በየጊዜው ይዘጋል? ናፍቆት ነው መቼም፤ ናፍቆት ዝርዝር ይወዳል።

ሲባጎህን ይዛ ያደገችው
ጠመኔ


ጥቅምት 10 ቀን

ለጠመኔ፣

ፈጣሪ ከክፉ በሽታና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ።

ብሩሾቹ ደርሰዋል። ጠጉራቸው ለስላሳ ነው፤ ለፊት መኳያ እንጂ ለታፔላ አይሆኑም። ያም ሆኖ አልጣልኳቸውም። ለሥራ ባልደረባሽ ንገሪው፦ ጨረቃ ሆቴልን ጽፌዋለሁ። ሆቴሉ ድረስ ሄጄ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣ አልጋ እንዳለውም አይቼ ነው የጻፍኩት። ሰው አውቶቡስ የሚሳፈረው ታፔላ አምኖ ነው። ታፔላው ያለው ቦታ ሳይኖር ቢቀር ውሸታሙ እኔ ነኝ፤ ሹፌሩ ምን አደረገ? ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም፤ ሲባጎውን በጠመኔ ቀብተሽ ጫፉን ስትይዢልኝ ስንት ዘመን ሰምተሽዋል። ስሙም የወጣልሽ በዚያው ነው፤ ማታ ወደ ቤት ስትገቢ ከፀጉርሽ እስከ ጫማሽ ነጭ ነበርሽ።

አደባባዩ እንዳለ ነው። መናኸሪያው በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋት አውቶቡሶቹ ራሳቸው ጥላ ይጥላሉ፤ ሰዉ በአጭሩ የድንጋይ አጥር ላይ ይደረደራል። አጥሩ ከጉልበት ብዙ አይበልጥም። ከፍ ቢል ማንም አይቀመጥበትም ነበር፤ ዝቅ ቢል ደግሞ እንደኔ ያለው ከተቀመጠ በኋላ አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ጥላው ከፍርድ ቤቱ ግንብ ሥር ይመጣል፤ ሰዉም ከአጥሩ ተነስቶ ወደዚያው ይዞራል።

ከአውቶቡስ የወረደ ሰው አቧራ ነው የጠጣው፤ መጀመሪያ የሚያየው ውሃ ነው። ጥግ ላይ ካለው ቧንቧ ፊቱን ታጥቦ ቀና ሲል የእትዬን መስኮት ያያል። ሻዩን ይዞ እግሩን ሲዘረጋ ጫማው መቀደዱን ያስተውላል፤ ጫማ ሰፊው ከጎኗ ነው። ያ የሚዘጋው ቤት ግን ከቧንቧው ጀርባ ነው። ሰው ሲታጠብ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ታጥቦም ወደ ፊት ይሄዳል። ባለቤቱ ምቀኛ ነው ያስዘጋኝ እያለ ሰው ያማል። ምቀኛው ቧንቧው ነው።

መሀል ከተማ መሀል የሆነው በዚህ ነው። ሰው ለአንድ ጉዳይ መጥቶ ሦስት ጨርሶ ይመለሳል። ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ይመጣል፣ ጫማውን ያሰፋል፣ ክኒኑን ይገዛል፣ አማቱን ያገኛል። አማቱን እንኳ ማግኘት አይፈልግም ነበር።

ድንጋይ ማውጫውን ታስታውሻለሽ? ሁለተኛ መሀል ከተማ እንሠራለን ብለው እዚያ የእኛን የሚያህል አደባባይ አንጥፈው፣ ፏፏቴ አቁመው፣ መርቀው ሄዱ። ጥላ የለ፣ መቀመጫ የለ፣ ሰው የሚመጣበት ጉዳይ የለ። ከምርቃቱ በኋላ የሄደበት ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም ፀሐዩን አልቻለም። ያኔ ታፔላውን ጻፍ ብለውኝ ሄጄ አየሁና፣ "ቦታ ሲሆን ጥሩኝ" ብያቸው ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥናት መጣ እየተባለ ነው። የሠፈሩን ሰብሳቢ፣ ዲስኩር የምንለውን፣ ታውቂዋለሽ። ለአንድ ከተማ አንድ መሀል አይበቃም ተብሏል ይላል። ድንጋይ ማውጫው ጋ አንድ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ አንድ፣ ድልድዩ ጋ አንድ፣ ሦስት አዲስ መሀል ሊሠሩ ነው። የእኛ ሰዎች ፈርተው አቤቱታ እያዘጋጁ ነው። የአንቺ ሥራ ከተማ ማቀድ ነውና እውነቱን ንገሪኝ። አደባባዩ ይነካል ወይስ አይነካም? በስብሰባው ላይ የምናገረው የአንቺን ቃል ይዤ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 4 ቀን

ለምወድህ ለጋሼ፣

እድሜህን እንደ ፊደልህ ያስተካክልልህ። ደብዳቤህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። የቧንቧው ነገር! ከዚያ ቧንቧ ያልጠጣሁበት ቀን የለም፤ ይህን ግን አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አደባባዩ አይነካም። አንድ ድንጋይ ከቦታው አይነሳም። ይህን ለሰዎቹ ልትነግራቸው ትችላለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ በበዛበት ቤት አንድ መታጠቢያ ብቻ ሲኖር አስበው። ከተማችሁ እንደዚያ ሆኗል። ወፍጮ ቤቱና ድልድዩ ጎን ለጎን ሆነው ሳለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መሀል ከተማ ገብቶ ነው የሚወጣው፤ ከዳር ወደ ዳር የሚወስድ መንገድ የለማ። የታመመውም፣ የተከሰሰውም፣ ጨው የጎደለበትም በአንድ በር ይጋፋል። ብዙ ማዕከል ያለው ከተማ በሩን ያበዛል። እያንዳንዱ የራሱ ክሊኒክ፣ ገበያና መሥሪያ ቤት ይኖረዋል፤ እርስ በርሳቸውም በመንገድ ይገናኛሉ። አሮጌው መሀል ሸክሙ ይቀልለታል።

የኔ ቢሮ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ይሠራል፤ የእናንተን ማን እንደያዘው ግን በዝርዝር አላውቅም።

እባክህ ሌላም ጻፍልኝ። አጥሩ በስንዝርህ ስንት ነው? ሰው ሲመሽ ቶሎ የማይበተነው ምን ይዞት ነው? ሴት ብቻዋን ሆና ሳትሳቀቅ የምትቀመጠው የት ጥግ ነው? ለምንስ እዚያ? አትሰልቸኝ።

ጠመኔህ


ኅዳር 28 ቀን

ለጠመኔ፣

የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ።

ስብሰባው ተደረገ። ዲስኩር "ክቡራንና ክቡራት" ብሎ ሲጀምር እትዬ፣ "አንተ ተቀመጥ፤ እሱ ያንብብ!" ብላ አፉን አስያዘችው። ተነስቼ "አንድ ድንጋይ ከቦታው አይነሳም" ያልሽውን አነበብኩ። ጫማ ሰፊው ጥርጣሬ አያጣውም፤ "ጋሼ፣ ልጅቷ እዚያ ሆና የእኛን አደባባይ በምን ታየዋለች?" አለኝ።

"ሲባጎ ይዛ ያደገች ልጅ ናት" አልኩት። "ጠማማ መስመር አታውቅም።"

"ዋስ ይሆናሉ?"

"ከዋስም በላይ ነኝ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ ጋሼ ካሉ አበቃ" አለና ፊርማ የተሰበሰበበትን አቤቱታ ራሱ ቀደደው። ዲስኩር ንግግሩን ይዞ ቀረ። እስካሁን አኩርፎኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አጥሩ ሦስት ስንዝር ነው። ሲመሽ ሰው የማይበተነው የመድኃኒት ቤቱ መብራት ዘግይቶ ስለሚጠፋ ነው፤ ብርሃን ካለ ወሬ አለ። ሴቶች ብቻቸውን የሚቀመጡት የፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ነው። ደረጃው በሁለት በኩል መውረጃ አለው፤ ያልወደደችው ሰው በአንዱ ቢመጣ በሌላው ትሄዳለች። የእትዬ መስኮትም ወደዚያው ያያል። እትዬ ደግሞ ጉሮሮዋን ታውቂዋለሽ።

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ ራሴን ታዘብኩት። ይህን ያህል ዘመን ኖሬበት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ይህን የምነግርሽ እንድትታበዪ አይደለም።

አጎትሽ


የካቲት 3 ቀን

ለጠመኔ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ፤ የምመኝልሽ ይህንኑ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ዝም ብለሻል። ፖስታ ቤት ደጋግሜ ሄጃለሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ታመሽ ከሆነ በሌላ ሰው እጅም ቢሆን አስጽፊልኝ።

እዚህ ነገር እየተነቃነቀ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መሬት ሲለኩ ሰነበቱ። "ምን ልትሠሩ ነው?" ብል፣ "እኛ ለኪዎች ነን" አሉኝ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ደግሞ ጠርቶ ሦስት ታፔላ አዘዘኝ፦ ድንጋይ ማውጫ ማዕከል፣ ወፍጮ ቤት ማዕከል፣ ድልድይ ማዕከል። እሱስ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወጣት ግን ቀጥሎ፣ "አባባ፣ እግረ መንገድዎን መናኸሪያው በር ላይ ያለውን መሀል ከተማ የሚለውን አውርደው አሮጌ አደባባይ ብለው ይጻፉልን" አለኝ።

"መሀሉ የት ሄደ?" አልኩት።

"አሁን እኮ መሀል ብዙ ነው።"

"ብዙ ከሆነ ይህም አንዱ ነዋ። ለምን ይወርዳል?"

ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ "እዚህ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው" አለኝ። አራተኛውን አልጽፍም ብዬ ወጣሁ። ሦስቱን ግን ሄጄ አያቸዋለሁ። ቦታ ሆነው ከሆነ እጽፋቸዋለሁ። ጉልበቴን ትንሽ ይሻለው እንጂ በእግሬ ነው የምሄደው።

ይህ የመናኸሪያው ነገር ምንድን ነው? አንቺ ትሰሚያለሽና ጻፊልኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 1 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

በጤናዎ ላይ ጤና ይጨመርልዎ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመዘግየቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሥራ ወጥሮኝ ነው። አልታመምኩም።

ጉልበትዎ ማመሙን ሰምቼ አዘንኩ። በዚህ ፀሐይ ድንጋይ ማውጫው ድረስ በእግርዎ መሄድ ተገቢ አይደለም። ቦታው ገና ግንባታ ላይ ነው፤ አቧራ እንጂ የሚታይ ነገር የለውም። ስሙን ድርጅቱ ከሰጠዎት ወረቀት ላይ ወስደው ቢጽፉት ማንም አይቀየምዎትም። ለዚህ አንድ ጊዜ ልማድዎን ቢተዉት ምን ይላሉ? ለጤናዎ ብዬ ነው።

ስለ መናኸሪያው ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

አክባሪዎ


መጋቢት 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታውን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሁለት ነገር ከነከነኝ። አንተ እያልሽኝ ነው ያደግሽው፤ ድንገት እርስዎ አልሽኝ። ሁለተኛ፣ የሄድኩበትን ብቻ እንደምጽፍ ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ፣ አትሂድ አልሽኝ። ጉልበቴ ሳይሻለው በማግሥቱ ተነሳሁ።

ድንጋይ ማውጫው ስደርስ ደክሞኝ ነበር፤ አንድ አጥር አገኘሁና ሳላስብ ተቀመጥኩ። እግሬን ዘርግቼ ላቤን ስጠርግ ቆይቼ ነው ልብ ያልኩት። አቀማመጤ ልክ እንደ ቤቴ ነበር። ጥላ አርፎብኝ ነበር። ዞሬ ሳይ ጥላው በምሥራቅ በኩል ከወዲሁ መቆም ከጀመሩት አውቶቡሶች ነው። አጥሩን በስንዝሬ ለካሁት። ሦስት ስንዝር።

ተነስቼ ዞርኩ። ጥግ ላይ ቧንቧ አለ። ጎንበስ ብዬ ፊቴን ታጠብኩና ቀና ስል ሰፊ መስኮት አየሁ። ከቧንቧው ጀርባ ቤት የለም፤ ዛፍ ተክለውበታል። ወዲያ ማዶ ክሊኒኩ በር ላይ በሁለት በኩል የሚያስወርድ ደረጃ አለ፤ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። መስኮቱም ወደሷ ያያል። ከጎኑ መድኃኒት ቤት ሊገባ ነው መሰለኝ፣ ከበሩ በላይ ትልቅ መብራት ሰቅለዋል።

በመስኮቱ ውስጥ ደግሞ እትዬ ግድግዳ ትቀባለች።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

ብሩሹ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "ኧረ ጋሼ፣ ልነግርህ እኮ ነበር።"

"መቼ?"

"አንተ ስትነግረኝ ነዋ!" አለች። "መናኸሪያው ወደዚህ መዛወሩን ከሰማን ስንት ጊዜያችን። አውቶቡስ በሌለበት ለማን ሻይ ልሸጥ? ልጅቷ ያንተ ናት፤ የማታውቅ አልመሰለኝም። አውቀህ የደበቅኸን መስሎኝ እኔው አፈርኩልህና ዝም አልኩ።"

የሥራው ኃላፊ ወጣት ነው፤ መጥቶ ጨበጠኝ። ሥዕሉን ማን እንደሠራው ጠየቅኩት። "ከውጭ ነው የመጣው" አለኝ። "የምትመራው ሴት ናት፤ በስክሪን አነጋግረናታል። ጎበዝ ናት። የቀድሞዎቹ ባዶ ሜዳ አንጥፈው ነበር የሄዱት። እሷ ግን የአጥሩን ከፍታ ሳይቀር ወስና ነው የላከችው። በአጎቴ አደባባይ ላይ ነው ያደግሁት ትላለች።"

አጎቷ እኔ ነኝ አላልኩትም።

ናፍቆት ዝርዝር ይወዳል አልሽኝ። እኔም ጅሉ ለናፍቆትሽ ብዬ ስንዝሬን ዘርግቼ ለካሁልሽ። ለኔ ስትጽፊ የነበረው ለሥራሽ ነው። አደባባዩን ከኔ ወስደሽ ሌላ ቦታ ተከልሽው፤ ከዚያ መናኸሪያውን ነቅለሽ ሰዉን ተከታዩ አልሽው። እኔ ደግሞ አቤቱታቸውን አስቀድጄ እጃቸውን ያሰርኩልሽ ሰው ነኝ። ስመለስ ጫማ ሰፊው መንገድ ላይ አገኘኝ። "ጋሼ ካሉ አበቃ ብዬ ነበር" አለኝ። "ይኸው፣ አበቃ።" ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ምን ሰጥተውት ይሆን ብለው እንደሚያሙኝ ዲስኩር ደስ እያለው ነገረኝ።

አንቺ ነሽ ወይስ አይደለሽም? በአንድ ቃል መልሺልኝ።


ግንቦት 6 ቀን

ጋሼ፣

እኔ ነኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጬ ለቀናት ዞርኩ። አሁን እንደ ድሮው አንተ ልበልህ፤ መደበቂያ ስፈልግ ነው እርስዎ ያልኩህ።

ሥራውን ለቢሮአችን ሲሰጡት ከመጽደቁ በፊት ለማንም እንዳንናገር አስፈርመውናል። ይህ ምክንያት ነው፣ እውነትም ነው፤ ግን ሙሉው እውነት እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ያልነገርኩህ ትከለክለኛለህ ብዬ ነው። አንተ አንዴ አይሆንም ካልክ ከዚያ በኋላ እጄ መስመር አይጎትትም።

አንድ ነገር ልናገር፤ ስንኖር አንስተነው አናውቅም። እናቴ ያረፈችው በታክሲ ውስጥ ነው። አንተ ፊት ነበርክ፣ እኔ ከኋላ ራሷን ታቅፌ። ሆስፒታሉ ከአደባባዩ ወዲያ ማዶ ነበር፤ እኛ ከወፍጮ ቤት ነበር የመጣነው። ከፊትም ከኋላም መኪና ተቆላልፎ ቆምን። አንተ ወርደህ በመኪናዎቹ መሀል እየሮጥክ መንገድ ልቀቁ ትል ነበር። እኔ በመስኮቱ የማየው ያንተን ታፔላ ነበር። መሀል ከተማ ይላል። ፊደሉ እንዴት ያምር ነበር! ያኔ ነው የጠላሁት። ለምን ሁሉም ሰው እዚህ ብቻ እንዲመጣ ተደረገ ብዬ ነው ይህን ትምህርት የተማርኩት። ዛሬ ወፍጮ ቤት ክሊኒክ አለ። ታማሚ ይዞ የሚሄድ ሰው አደባባዩን ማቋረጥ የለበትም።

የመጀመሪያው አደባባይ የከሸፈው ሠሪዎቹ ማንንም ስላልጠየቁ ነው። ማዕከል በወረቀት ላይ ክብ ስለተከበበ ማዕከል አይሆንም። ሰው የሚመጣበት ጉዳይ፣ የሚያቆየው ምክንያት ያስፈልገዋል። እኔ ጠየቅኩ። የጠየቅኩት ደግሞ ከሁሉ የሚያውቀውን፣ የምወደውን ሰው ነው። ናፍቆቱም ውሸት አልነበረም።

አደባባዩን በተመለከተ ቃሌን አላፈረስኩም፤ አንድ ድንጋይ አልተነሳም። መናኸሪያው ግን እዚያው ከቆየ አዲሶቹ አይቆሙም ነበር፤ ሰዉ በልማዱ ወደ አሮጌው ይመለስ ነበር።

ድንጋይ ማውጫው ላይ አንድ ክፍል አስይዤልሃለሁ። መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይመታህም፣ ቀለምህም አያብረቀርቅብህም። ከእትዬ ሁለት በር ወዲያ ነው። እባክህ ግባበት።

ጠመኔ


ሰኔ 22 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ሁኚ። ይህን አቆይቼው ነበር፤ አሁን ሰጥቼሻለሁ። ለሌላው ግን ተራ በተራ ልመልስልሽ።

ስለ እናትሽ። አንቺ እናትሽን አጣሽ፤ እኔ ታናሽ እህቴን። በመኪናዎቹ መሀል ስሮጥ የጮኹብኝን ሹፌሮች ፊት ዛሬም አልረሳሁም። ይህን ነገር በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጽፈሽልኝ ቢሆን፣ ጋሼ ያ አደባባይ እናቴን አስቀርቶብኛልና ልበትነው ነው ብትዪኝ፣ ሲባጎውን እኔ ራሴ ይዤ ድንጋይ ማውጫው ላይ አብሬሽ እለካ ነበር። ለጫማ ሰፊውም፣ ለእትዬም ቆሜ እነግራቸው ነበር። አኩርፈው ይሰሙኝ ነበር። ትከለክለኛለህ አልሽ። ሳትጠይቂኝ መልሴን አንቺው መለስሽልኝ። እኔን አታውቂኝም ማለት ነው፤ ወይም ታውቂኛለሽና ፈቃዴን መለመን ከበደሽ።

ስለ ሥራሽ። ሦስቱም ቦታ ሄጃለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጋ የታመመ ልጅ የያዘች ሴት ከክሊኒኩ ስትወጣ አየሁ፤ በእግሯ ነበር የመጣችው። ድልድዩ ጋ ያለው ገና ሰው አልለመደውም፤ መቀመጫው ወደ ውሃው ነው የዞረው፣ ሰው ደግሞ ሰው ማየት ነው የሚወደው። አስዙሪው። ድንጋይ ማውጫው ግን ቦታ ሆኗል። ስለዚህ ሦስቱንም ታፔላ ጽፌ አስረክቤአለሁ። ፊደሉን አላሳነስኩም፣ ቀለሙንም አላቀጠንኩም። እውነት ስለሆነ ጻፍኩት። አንቺን ለማስደሰት እንዳይመስልሽ።

ስለ ቃልሽ። አንድ ድንጋይ አይነሳም አልሽ፤ አልተነሳም። አጥሩ አለ፣ ቧንቧውም ይፈሳል። ጠዋት ጠዋት ግን ጥላ የሚጥል አውቶቡስ ስለሌለ አጥሩ ይግላል፤ ማንም አይቀመጥበትም። መድኃኒት ቤቱ በጊዜ ይዘጋል። ጫማ ሰፊው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ በደጄ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ስንት ዓመት ውሸታም ታፔላ አይቻለሁ፦ የተሳሳተ ፊደል ያለው፣ የሌለ ሱቅ የሚያሳይ። ከሁሉ የከፋው ግን ፊደሉ ሁሉ ልክ ሆኖ አውቶቡሱ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ነው። ሰው ምንም ስህተት ሊያወጣለት አይችልማ። ቃልሽ እንደዚያ ነበር።

ከተማ ብዙ መሀል ቢኖረው ደግ ነው። ይህን አሁን በዓይኔ አይቼ አምኛለሁ። አንዱን መሀል ዳር የምታደርጊው ከሆነ ግን ፊቱ ቆመሽ "ዳር ላደርግህ ነው" ልትዪው ይገባሽ ነበር። በተለይ ያሳደገሽ ከሆነ።

ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው። እኔ ከዚህ አልነሳም። አራተኛውንም ታፔላ አልጻፍኩም። ያ ወጣት ራሱ መሰላል ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሥሩ ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ ጊዜ ተመለሰ። መሀል ከተማ እንዳለ ተሰቅሏል። እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስጽፈው ግን እውነት ነበር፤ እኔ የጻፍኩትን ደግሞ እኔ አላወርድም።

አሁን አንድ ነገር ቀረ። የምትኖሪበትን ከተማ ስም በእጄ ጽፌው እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን እዚያ መጥቼ፣ መንገዱን በእግሬ ረግጬ፣ ከዚያ በኋላ ፖስታውን ራሴ ልጽፈው አስብ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ ለዚያ ብዬ ነው ለስላሳዎቹን ብሩሾችሽን ያስቀመጥኳቸው፤ ለወረቀት ይሆናሉ ብዬ። ዛሬ ለመድኃኒት ቤቱ ልጅ ሰጠኋቸው።

ስለዚህ ፖስታውን የምትጽፍልኝ እትዬ ናት፤ እትዬ ደግሞ ያለችው አንቺ በሠራሽው አደባባይ ነው። ከዚህ የሚነሳ አውቶቡስ ስለሌለ ነገ በእግሬ እወስድላታለሁ። መሄዴን ይቅርታ አድርገሽ እንዳትቆጥሪው። የምሄደው ይህ ወረቀት እንዲደርስሽ ነው፤ ወረቀቱም የሚመጣው ከእንግዲህ እንደማልጽፍልሽ ሊነግርሽ ነው።

ጽፋ ዘግታ ስትሰጠኝ፣ አውቃታለሁ፣ "መልሱ ሲመጣ እዚህ ልቀበልልህ?" ትለኛለች።

"መልስ አይመጣም" እላታለሁ።

አጎትሽ